ያልተነካው ገንዳ

ሚያዝያ 24 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ገዳሪፍ

ሰው በረሃብ እየረገፈ ለዓሣ ጭንቀት መጨነቅ ምን የሚሉት ጅልነት ነው?

ገዳሪፍ ውስጥ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ዱራ የሚሉትን ማሽላ የሚቸረችረው ጠይቆኛል፣ በር ላይ የሚያንቀላፋው ፖሊስ ጠይቆኛል፣ የክሊኒኩ ሐኪም ፈገግ እያለ ጠይቆኛል። አከራዬ እትዬ ራሒማ ሻይ በቀዳች ቁጥር ትጠይቀኛለች። መልሱን ለመስማት የሚቆም ግን አላየሁም። ይጠይቃሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በገዛ ብልህነታቸው ረክተው ይሄዳሉ። እንግዲህ መልሱን ለዚህ ደብተር እሰጠዋለሁ፤ ደብተር ቢያንስ መሐል ላይ አያቋርጥም።

ዝናብ መጥቶ እነዚህ ሀፊር የሚሏቸው የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ቢሞሉና ዓሣ ቢረባባቸው፣ የስደተኛው ካምፕ ሁሉ ከእርዳታ እህል ሌላ የሚበላው ይኖረዋል። ግን ዓሣው ከአትባራ ወንዝ በበርሜል ተጭኖ እዚህ እስኪደርስ ግማሹ ይሞታል። የተረፈው ይጠቁራል፣ ጥግ ይይዛል፣ ምግብ ይተዋል፣ የጓደኛውን ክንፍ ይነክሳል። ጭንቀት ነው። ጭንቀት ደግሞ የሆድ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ደም ውስጥ ገብቶ ፕሮቲኑን ይለውጣል። የትኛው ፕሮቲን እንደሚለወጥ ያወቀ ሰው፣ የትኛው ዓሣ መንገዱን እንደሚችል ከመሞቱ በፊት ያውቃል። ይኸው ነው። ይህን ለመረዳት እንደኔ ባዮሎጂ መመረቅ አያስፈልግም፤ አፍን ዘግቶ ትንሽ መስማት ይበቃል።

በአንድ አሮጌ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሦስት የሲሚንቶ ገንዳዎች አሉን። የመጀመሪያው ውስጥ ዓሦቹን አጨናንቀን አጉረናቸዋል፤ እንዳይሻግቱም ሰማያዊ መድኃኒት እንጨምርላቸዋለን። ሁለተኛው ላይ በየቀኑ ጨው እናበዛለን። ሦስተኛው ለብቻው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ጥላ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ምንም አይደረግበትም። የሁለቱ ስቃይ የሚለካው በሱ ሰላም ነው። “ያልተነካው” ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ።

ሙዲራችን፣ ማለት ኃላፊያችን፣ ዶክተር አብዱልናስር በሰኔ መጨረሻ ከካርቱም እንግዶች ያመጣል። ሥራው ካማራቸው ከረዳቶቹ አንዱን ወደ ካርቱም ይወስዳሉ። ትልቅ ላቦራቶሪ፣ እውነተኛ መሣሪያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተስሪህ፣ ማለት ስደተኛ ከዚህ አቧራ እንዲወጣ የሚፈቅደው ወረቀት። ረዳቶቹ ሁለት ነን፦ እኔና ከማሉ። ከማሉ የእትዬ ራሒማ ልጅ ነው። እዚሁ ያደገ፣ ኮሌጅን በበር ገብቶ በመስኮት የወጣ፣ በአማርኛ የጀመረውን በዓረብኛ የሚጨርስ። “ኡስታዛ”፣ መምህርት፣ እያለ ይጠራኛል። ሲስቅ ድዱ ይታያል።

የምሄደው እኔ ነኝ። እሱ ካርቱምን ምን ያደርግበታል?

ሚያዝያ 28

ዛሬ ለጠራጊያችን ለሸጊቱ ስለ ገንዳዎቹ አስረዳኋት። ከመተማ ቆላ ለዱራ አጨዳ ከባሏ ጋር የመጣች ሴት ናት። ዝናቡ ሲቀር አጨዳው ቀረ፣ ባልየው ሥራ ፍለጋ ወደ ሀዋታ እንደሄደ አልተመለሰም፣ እሷ መጥረጊያ ይዛ እኛ ዘንድ ቀረች። እንደ እናቴ ያለች ሴት ናት፤ ግን ነገር ሁለቴ ካልነገሯት አይገባትም።

“ይኸ ሰማያዊው ምን ገብቶበት ነው እቴ?”

“መድኃኒት። እንዳትነኪው።”

“ያኛውሳ?”

“ጨው።”

“ይኸ የጓዳውስ?”

“እሱ ምንም አይገባበትም። ንጹሕ ነው። ምንም አናደርግበትም። ገባሽ?”

“ገባኝ። ንጹሕ ነው።”

ደግማ አለችልኝ፦ ንጹሕ ነው። ካስረዷቸው እኮ ይገባቸዋል። የማስረዳት ትዕግሥት ያለው ሰው ነው የጠፋው።

ግንቦት 2

ቸኩያለሁ። የመጀመሪያው ደም ተቀዳ። ከማሉ ዓሣውን ይይዛል፣ እኔ ከጅራቱ ሥር በመርፌ እቀዳለሁ። እጁ ላብ በላብ። አንዱ አምልጦት መሬት ላይ ወድቆ ሲፈራገጥ “ወላሂ ኡስታዛ፣ ይኼም ተስሪህ ፈልጎ ነው” አለ። ሳቁን ማን ጠየቀው።

ግንቦት 3

ትናንት ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ደሙን እናሽከረክረዋለን፣ ከላይ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ ወረቀት ጥብጣብ ላይ ጠብ እናደርጋለን፣ ኤሌክትሪክ እናሳልፍበታለን፣ ቀለም እንነክረዋለን። ያኔ ፕሮቲኖቹ ሰማያዊ መስመር ሠርተው ይደረደራሉ። ቀላል ነው፤ መብራት ካልጠፋ። በተጨነቀ ዓሣ ላይ አንዱ መስመር ይወፍራል። የየትኛው ፕሮቲን መስመር እንደሆነ በኛ መሣሪያ ማወቅ አይቻልም፤ ለዚያ ካርቱም መሄድ ነው። ግን እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ አየውና “ሊሆን ይችላል” አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው የገዛ እናቱንም “ልትሆን ትችላለች” ሳይል አይቀርም።

ግንቦት 6

ያልተነካው ገንዳ ውስጥ ያሉት ዓሦች ጠቁረዋል። እዚህ ቡልጢ የሚሉት፣ እኛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ነው፤ ደህና ሲሆን እንደ ብር ያበራል፣ ሲጨነቅ እንደ ከሰል ይሆናል። ምግብ በተንኩላቸው፤ ወይ ፍንክች። ጥግ ላይ ተከምረው ግድግዳውን ያያሉ።

ምን ሆኑ? ጥላ ሰጠኋቸው፣ ንጹሕ ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጸጥታ ሰጠኋቸው። ምን የጎደለባቸው ነገር አለ? ቅምጥሎች።

ግንቦት 10

ጥብጣቡ ወጣ። የተጨናነቁት መስመራቸው ወፍራም፣ ጨው ውስጥ ያሉት ወፍራም፣ ያልተነካው ከሁሉም የባሰ ወፍራም! ሦስት ገንዳ፣ ሦስት ወፍራም መስመር። ይኼን ይዤ ካርቱም? ይኼን ይዤ ኡም ጋርጉር ካምፕ እንኳ አልገባም።

ከማሉ ከትከሻዬ በላይ አይቶ፣ “ከአንቺ ደም ብንቀዳማ መስመሩ ከወረቀቱ ይፈስ ነበር፣ ኡስታዛ” አለኝ።

ውሃ አልጠጣሁ ኖሮ ራሴን ያዞረኛል።

ግንቦት 13

ረመዳን ገባ። በዚህ ሙቀት። እነ ከማሉ ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ይውላል። እትዬ ራሒማ እየጾመች ለኔ ምሳ ሠርታ በሰሐን ከድና በር ላይ ታስቀምጥልኛለች። አድርጊልኝ አላልኳትም። እንዲህ ያለ ደግነት ያናድደኛል፤ ሰውን ባለዕዳ ያደርጋል። ግማሹን በላሁና ሌላውን ለድመቷ ሰጠሁ።

ከሰዓት በግድግዳው በኩል ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማኋት፦ “ልጅቱ ተኝታ ጥርሷን ታፋጫለች። ጥፍሯን በልታ ጨርሳ ወደ ጣቷ ገብታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትቀመጠው።” ጎረቤቷም፣ “ምናልባት ለዓሣው ነው፣ ይታዘንላት” አለች። ሳቁ።

ሥራ ፈቶች። እኔ ስለማስብ ነው።

ግንቦት 17

ጉድጓዱ እየነጠፈ ነው። ውሃ በካሮ፣ ማለት በአህያ ጋሪ፣ እየመጣ ነው፤ ለገንዳዎቹ ቅድሚያ አለን። ገበያ ስሄድ ከገላባት በኩል በሎሪ የመጡ አዲስ ሰዎች ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መንገዱን ሞልተውታል። ከነሱ አንዷ “የኛ ልጅ” ብላ ጠራችኝ። በአነጋገሬ አይደለም፤ አልተናገርኩም። በመልኬ መሰለኝ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ምን ልበላት? ቢሮ አለኝ እንጂ እህል የለኝም።

ስመለስ በሌላ መንገድ ዞርኩ። ስለሚቀርብ ነው።

ግንቦት 23

ነገሩ ገብቶኛል። ከማሉ ነው።

ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? የጓዳው ቁልፍ የሚሰቀልበትን ምስማር እሱ ያውቃል። ካርቱምን እሱም ይፈልጋል፣ አልፈልግም ቢልም። “እኔ እናቴን ትቼ የት እሄዳለሁ” ይላል፤ እንዲህ የሚል ሰው ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነው የሚለው። ዓሦቹን እየነካካ ሥራዬን እያበላሸብኝ ነው።

ለዶክተሩ ነገርኩት። “አየሽው?” አለኝ። “ማየት አያስፈልግም፣ ሌላ ሰው የለም” አልኩት። ሳይወድ ከማሉን ከገንዳዎቹ አንሥቶ ቢሮ አስገባው፤ ቁጥር ይገለብጣል አሁን። ሲወጣ እኔን አላየኝም፤ ዓሦቹን ነው ያየው።

ትክክል ነው ያደረግኩት። ሳይንስ ነው እንጂ ዝምድና አይደለም።

ግንቦት 24

እትዬ ራሒማ ዛሬም ምሳ አስቀምጣለች። ከማሉ አልነገራትም ማለት ነው።

ሰኔ 1

ሌላ ደም፣ ሌላ ጥብጣብ። ከማሉ ከተነሣ ሳምንት አልፎታል። ያልተነካው መስመሩ አሁንም ወፍራም። እንዲያውም የባሰ።

ከማሉ አልነበረም።

ለዶክተሩ አልነገርኩትም። ገና እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰኔ 4

ማልጄ ሄድኩ። ለማንም ሳልናገር ለማየት።

የጓዳው የመንገድ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሸጊቱ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እግሯን እስከ ጉልበቷ ያልተነካው ገንዳ ውስጥ ነክራ ቆማለች። በባልዲ ትቀዳለች፣ ዞራ ትሰጣለች፣ ትቀዳለች፣ ትሰጣለች። በሩ ላይ ሴቶች በጀሪካንና በቅል ተሰልፈዋል። ያ ሁሉ ዓሣ አንድ ጥግ ላይ ተደራርቦ እንደ ከሰል ክምር ሆኗል።

“ምን እያደረግሽ ነው!”

“ቀስ በይ እቴ፣ እርጉዝ አለች፤ አታስደንግጫት።”

እውነትም አለች። ያቺው ገበያ ላይ የጠራችኝ ሴት ናት። ወለተ ማርያም ትባላለች። ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ቆሟል።

“ማን ፈቀደልሽ?”

“አንች አይደለሽ? ያኛው መድኃኒት አለበት፣ ያኛው ጨው አለበት፣ ይኸ ንጹሕ ነው አላልሽም? ታዲያ የትኛውን ልስጣቸው ኖሯል? ጨዉን?”

“ለዓሣ ነው! ዓሦቹ እንዳይነኩ ነው!”

“ዓሦቹንማ መች ነካኋቸው። ውሃውን ነው።”

ሴቶቹ ሳቁ። ወለተ ማርያም እንኳ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

“የቀዳሽውን በምን ትተኪዋለሽ?”

“ካሮው ለገንዳው በሚያመጣው፤ ለመጥረጊያ የሚሰጠኝንም ጨምሬ እገለብጥበታለሁ። መሬቱን በደረቁ እጠርገዋለሁ። አቧራ ነው ስትይኝ የሰነበትሽ ለዚያ ነው።”

ግንቡ ሥር ሁለት ዚር አለ፤ ያ ትልቅ የውሃ እንስራ። መጋዘኑ የሰሊጥ በነበረ ጊዜ ባለቤቱ ለአላፊ አግዳሚ ያኖረው ነው። እዚህ አገር ባዶ ዚር በር ላይ ማቆም ሰውን ከመስደብ ይቆጠራል። ሸጊቱ የጀመረችው ዚሩን በመሙላት ነው፤ ከዚያ ዚሩ አልበቃ አለ። እኔ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው ብዬ ገንዳውን ከዚሩ ጀርባ አኖርኩት። ቀን ቀን ጸጥ ያለ ነው፤ እኔ የማውቀው ቀኑን ነው።

“ነገ ማንም እንዳይመጣ” አልኳት።

“ለነሱ ንገሪያቸው” አለችኝ።

አልነገርኳቸውም። በሩን ዘጋሁት።

ሰኔ 5

እንደ ሰው ቁጭ ብዬ ላስብ።

አሁን ቢቆለፍ ዓሦቹ ይረጋጋሉ። እንግዶቹ እስኪመጡ ጊዜ አለ። መስመሩ ይቀጥናል። ሦስት ገንዳ፣ ሁለት ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። ያምራል። ካርቱም።

ለዶክተሩ ብነግረው ሸጊቱን ያባርራል። ስለ ከማሉም መናገር ይመጣል። ስለዚህ አልነግረውም። ለሷም ለሱም ይሻላል። ለሁሉም ይሻላል።

ሴቶቹ ጉድጓድ አላቸው፤ ሩቅ ቢሆንም አለ። እኔ የውሃ ሚኒስቴር አይደለሁም። ደግሞ ይህ ሥራ ለማን ነው? ለነሱ አይደለም? ዛሬ ጠጥተው ነገ የሚበሉትን ያበላሹታል፤ አርቆ ማሰብ የሚባል ነገር የለም። ቢነግሯቸውም አይገባቸውም።

ቁልፉን ከምስማሩ አንሥቼ አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ሰኔ 8

ዓሦቹ ነጡ! ዛሬ ሦስቱ ምግብ በሉ። አንዷ እንደ ብር አበራች። ብቻዬን ጓዳ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ውጭ ዚሩ ባዶ ነው። ሴቶቹ ግን አሁንም ግንቡ ሥር ይቀመጣሉ። ምን ይጠብቃሉ? ሸጊቱ ለመጥረጊያ የሚሰጣትን ታካፍላቸዋለች፤ ለአፍ ማርጠቢያ እንኳ አይሆንም። እኔን “ደህና አደርሽ” አትለኝም። ዛሬ እያለፍኩ ለወለተ ማርያም እንዲህ ስትላት ሰማሁ፦ “ዓሦቹ ተሽሏቸዋል አሉ። እግዜር ይመስገን በይ።”

ይህች ሴት ምላሷ መጥረጊያ ነው።

ሰኔ 13

ኢድ። እትዬ ራሒማ አዲስ ቶብ ለብሳ፣ ጣፋጩን በሰሐን ይዛ ራሷ መጣችልኝ። “ብይ፣ አጥንትሽ ወጣ” አለችኝ። ከማሉ ከኋላዋ ቆሟል። እናቱ ስትሄድ ቀረ።

“ዶክተሩ ነገረኝ” አለ።

“ምኑን?”

“አንቺ እንዳልሽው። እኔ ዓሣውን እንደማስጨንቅ።” ዛሬ ኡስታዛ አላለኝም። “ወላሂ እናኑ፣ ብትጠይቂኝ ኖሮ ሸጊቱ ናት እልሽ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አይቻታለሁ።”

“ለምን ዝም አልክ ታዲያ!”

“ኸላስ፣ ምን ልበል? ሴትዮዋ ውሃ ስታጠጣ አየሁ ብዬ ልክሰስ? በረመዳን?”

ጣፋጩን ሰሐኑ ላይ ትቼለት ገባሁ። አንድ መልካም ነገር ለማድረግ አንድ ሙሉ ምርምር የሚገድል ሰው! ሁሉም ያውቁ ነበር። ፖሊሱም ሳያውቅ አይቀርም። ከኔ በቀር።

ሰኔ 15

ወለተ ማርያም ታመመች። ጓዳው ቢቆለፍባት በግቢው በኩል ገብታ ከመጀመሪያው ገንዳ ቀዳች። ከዚያ ከተጨናነቀው። መድኃኒቱ አይደለም ያሳመማት፤ ያ ሁሉ ዓሣ የሚኖርበት ውሃ ነው። ሸጊቱ አልነበረችም። ብትኖር ትከለክላት ነበር፤ ያኛው ንጹሕ አይደለም ተብላለችና።

ሆዷን ይዛ ግንቡ ሥር ተጣጥፋ አገኘናት። ከማሉ ካሮ ጠርቶ፣ አንሥቶ ጭኖ፣ አህያውን እያባረረ ወደ ክሊኒክ ወሰዳት። ሸጊቱ ከጎኗ ተቀምጣ ሄደች። ወደ ኋላ ዞራ፣ “በሩን ክፈችው!” አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ከፈትኩት። ከፍቼዋለሁ።

መጀመሪያ ደሙን ቀዳሁ፣ ከዚያ ከፈትኩት። እንደገና ከመበጥበጣቸው በፊት መቅዳት ነበረብኝ። ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙም አልቆየሁም። ያን ያህል አይሆንም።

ሰኔ 16

ጥብጣቡ ወጣ። ቀጭን። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ነገር አላየሁም።

አይቼ መልሼ ከደንኩት።

ሰኔ 18

ክሊኒክ ሄድኩ። ወለተ ማርያም ክንዷ ላይ ፈሳሽ ተሰክቶላታል። አዋላጇ “ልጁ ይንቀሳቀሳል” አለችኝ። ከውጭ ቆሜ ልመለስ ነበር፤ አየችኝ።

“የኛ ልጅ” አለች። “ዓሦቹ ደኅና ናቸው?”

እየቀለደች ይሁን የምሯን፣ አላወቅኩም። “ደኅና ናቸው” አልኳት። ደኅና አይደሉም፤ ሴቶቹ ተመልሰው ስለመጡ እንደገና ጠቁረዋል። ሸጊቱ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። “አንቱ ቢያንስ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ” አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጠጣች።

በመንገዱ ሁሉ ራሴን ስሰድብ ተመለስኩ። በስድቡ ሳልደክም በር ላይ ደረስኩ።

ሰኔ 21

እንግዶቹ መጡ። ሄዱ።

ሦስት ናቸው። አንደኛው ያዛጋል፣ ሁለተኛው ሰዓቱን ያያል፣ ሦስተኛው ሸምገል ያለ፣ ዝም ያለ። ዶክተሩ ጥብጣቦቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ሁለት ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። እንግዶቹ “ጥሩ” አሉ። ዶክተሩ ፈገግ አለልኝ። እዚያ ላይ ዝም ብል ያልቅ ነበር፤ ተስሪሁም፣ ካርቱሙም።

“ያልተነካው ገንዳ ተነክቷል” አልኩ።

እንግሊዝኛዬ ተሳከረ፣ ግን አልቆምኩም። የመጀመሪያዎቹን ወፍራም መስመሮችም አወጣሁና አስቀመጥኩ። ሴቶች በየማለዳው ውሃ ይቀዱበት ነበር፣ ንጹሕ ነው ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ሠራተኛዋ ቃሌን ይዛ ነው፣ ጥፋት የለባትም አልኩ። ከማሉን በሐሰት ከስሼዋለሁ አልኩ። ከዚያ ቆለፍኩት፣ ሴት ታመመች አልኩ። ይህ ቀጭን መስመር የወጣው በሩ ተቆልፎ ነው አልኩ።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። “ሁለት ወር!” አለ። “የልክ መለኪያዬን የመንደር ቧንቧ አደረጋችሁት!”

“ቢሆንም ያየነው ነገር አለ” አልኩት። “ተጨንቆ የነበረ ዓሣ ተረጋግቶ መስመሩ ሲቀጥን በቤቱ ውስጥ ሌላ ገንዳ አላሳየንም። ይኼኛው ብቻ ነው መውጣቱንም መውረዱንም ያሳየው።”

የሚያዛጋው አዛጋ። ሽማግሌው ግን ጥብጣቡን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ያዘውና፣ “ይኼ መስመር የትኛው ፕሮቲን ነው?” አለኝ።

“አላውቅም” አልኩት። “መሣሪያ የለንም።”

ራሱን ነቀነቀ። እንደዚያ እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ መልሱን ሊሰማ ቆሞ ነው የነቀነቀው። ያን ብቻ ይዤ አድራለሁ።

ከማሉ ይሄዳል ተባለ። ሸጊቱ ትቆያለች፤ ዶክተሩ ሊያባርራት አፉን ሲከፍት ከማሉ በዓረብኛ ብዙ ተናገረ፣ አፉን ዘጋው። እኔም እቆያለሁ፤ ገንዳ የሚያጥብ ያስፈልጋል።

ሰኔ 25

ሌሊቱን ዘነበ። ግንቡ ሥር ያሉት ሴቶች ድስት፣ ጀሪካን፣ የልጅ ኮፍያ ሳይቀር አውጥተው ደርድረዋል። ዚሩ ሞልቷል። ሸጊቱ መሬቱን በውሃ ጠርጋ፣ “ይኸው፣ አቧራሽ ጠፋ” አለችኝ። አንቱታውን ከቀጠልኩ በኋላ እሷም በአንቺታው በረታች።

እትዬ ራሒማ ለልጇ ስንቅ ስትሠራ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስም ለኔ ሰሐን ትከድናለች። ተቀመጥኩና አብሬያት በላሁ፤ ሁሉንም።

ከማሉ ነገ በአውቶቡስ ይሄዳል። ጥብጣቦቹን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ፣ ይህንም ገጽ ቀድጄ አብሬ እሰጠዋለሁ፤ ፊት ለፊት እንዳልነግረው ሳቁ ይመጣብኛል።

ከማሉ፣ አሁንም ሰነፍ ነህ ብዬ አስባለሁ። እጅህ ላብ ነው፣ ቀለሙን ሳታጥብ ትተወዋለህ። ግን አንተ ሸጊቱን ስታይ ሰው አየህ፣ እኔ አላየሁም፤ ይህን ጽፌልሃለሁ፣ ከዚህ በላይ አትጠብቅ። እዚያ ስትደርስ ሻዩን ተወውና መጀመሪያ ጥብጣቦቹን ያዝ። ወፍራሙንና ቀጭኑን ጎን ለጎን አድርገህ በትልቁ መሣሪያ አሳልፋቸው። ያ መስመር ስም አለው። እኔ እዚህ ሀፊሮቹ ሲሞሉ የመጀመሪያዎቹን ቡልጢዎች እለቃለሁ፤ ሸጊቱና ወለተ ማርያም በርሜሉን ሊያግዙኝ ተስማምተዋል፣ የትኞቹን እንደምመርጥ ግን አላውቅም። የትኛው ፕሮቲን እንደሆነ ጻፍልኝ። ባታውቀውም ጻፍልኝ። በዓረብኛም ቢሆን።